ቀዩ ጨርቅ ማዶ ቀረ

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ ወሬ ያለው ወሬውን ያሳድር።

በአንድ ሰፊ ሐይቅ ወዲህና ወዲያ የተዘረጋች አንዲት ትልቅ ከተማ ነበረች። ወዲህ ገበያው፣ ፋብሪካው፣ ቢሮው። ወዲያ ደግሞ ማዶ የሚሉት ሰፈር፤ ጓሮው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መቃብሩ። ጠዋት ጠዋት የማዶ ሰው በሕዝብ ጀልባ ወደ ሥራው ይሻገራል፣ ማታ ማታ ደክሞት ይመለሳል። በመኪና ዞሬ ልሂድ ያለ እንደሆነ፣ መንገዱ ሐይቁን ሲዞር ይውልና ጀምበር ሳትጠልቅ አያደርሰውም። ጀልባውም ቢሆን ጠባይ አለው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይቆጣል፣ ሐይቁ ሲቆጣ ደግሞ ሁሉም ባለበት ይቀራል።

ከወዲህኛው ዳር ትርንጎ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ሥራዋ የሆቴል አንሶላ ማጠብ ነው፤ እጇ ከሳሙና፣ ምላሷ ከእውነት አይርቅም። አንድ ቀን ማለዳ ከማዶ ተደወለላት።

«ወንድምሽን አጣናውን አሞታል፤ ቶሎ ድረሺ» አሏት።

የአገሯን አነጋገር ታውቃለች። «ቶሎ» የተባለበት ሕመም ሕመም አይደለም። ምንም ሳትጠይቅ ነጠላዋን አነሳች።

እናታቸው በተቀበረች ቀን ሁለቱ ልጆች እፍኝ እፍኝ አፈር አልብሰዋት ነበር። ያን ዕለት አጣናው እጁን ሳያራግፍ፣ «እኔ ብቀድም አንቺ፣ አንቺ ብትቀድሚ እኔ» አላት። ሌላ የተካፈሉት ውርስ የላቸውም። እንግዲህ የትርንጎ ፍላጎት ይህችው ናት፤ ነፋሱ ሳይነሳ መሻገር፣ ተሻግሮም ወንድምን እፍኝ አፈር ማልበስ።

ወደቡ ስትደርስ ሰው እንደ ገብስ ክምር ተከምሮ ቆሟል፤ ጀልባዋም ዳር ላይ ታስራ ቆማለች። ትርንጎ ወደ ትኬት መስኮቱ ሄደች። ትኬት ቆራጯ ስንዱ ትባላለች፤ ክንዷን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«የኔ ልጅ፣ ለማዶ አንድ ቁረጪልኝ። ሰው ታሞብኛል።»

«እግዜር ይማርልሽ፣ እትዬ። ግን አልቆርጥም። ነጂው ጓዴ ሞተሩን ሳያስነሳ ትኬት አልቆርጥም። ባለፈው ቆርጬ ጀልባዋ ቀረች፤ ሕዝቡ መጀመሪያ መስኮቱን ደበደበ፣ መስኮቱን ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።»

ስንዱ ካልቆረጠች ትርንጎ አትሻገርም፤ ትርንጎ ካልተሻገረች ወንድሟን አፈር አታለብስም።

ትርንጎ ወደ ጓዴ ሄደች። ጓዴ ጀልባ ነጂው ነው፤ መሪውን እንደ ትራስ ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል።

«ወንድሜ ጓዴ፣ ሞተሩን አስነሳልኝ፤ ስንዱ ትቁረጥልኝ፣ ልሻገር።»

«አላስነሳም፣ እትዬ። ጋሽ ቢሻው ገመዱን ሳይፈታ ሞተር አላስነሳም። ታስሮ የሚጮኽ ሞተር ታስሮ እንደሚጮኽ ውሻ ነው፤ ጉልበቱን ይጨርሳል እንጂ የትም አይደርስ።»

«አንተስ ሳትታሰርም ሳትጮኽም የት ደረስክ?» አለችው። ጓዴ ዓይኑን ገልጦ አያት፣ መልሶ ጨፈነ።

ጓዴ ካላስነሳ ስንዱ አትቆርጥም፤ ስንዱ ካልቆረጠች ትርንጎ አትሻገርም፤ ትርንጎ ካልተሻገረች ወንድሟን አፈር አታለብስም።

ትርንጎ ወደ ቢሻው ሄደች። ጋሽ ቢሻው ሽማግሌ ነው፤ ጀልባዋ ከታሰረችበት የብረት ምሰሶ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቋጠሮውን እንደ ልጅ ራስ ይዳብሳል።

«ጋሽ ቢሻው፣ አባቴ ይሁኑኝ፤ ገመዱን ይፍቱልኝ። ጓዴ ያስነሳ፣ ስንዱ ትቁረጥ፣ ልሻገር።»

«አልፈታም ልጄ። ዋሴ ፊሽካውን ሳይነፋ እጄ ቋጠሮ አይነካም። አንድ ቀን ቸኩዬ ፈታሁ። አንዲት ነፍሰ ጡር አንድ እግሯ ጀልባ ላይ፣ አንድ እግሯ መሬት ላይ ነበር። ውኃው ከሁለት ሊከፍላት ነበር፤ ማርያም አወጣቻት። ዛሬም ስተኛ ጩኸቷ ይሰማኛል።»

ከጎን የሽንኩርት ጆንያዋ ላይ የተቀመጠች አምሳል የምትባል ነጋዴ ሳቀች። «ይቺ ጀልባ እቴ ሙሽራ ናት፤ ሚዜዎቹ ሁሉ ካልለመኗት ከጓዳ አትወጣም!»

ቢሻው ካልፈታ ጓዴ አያስነሳም፤ ጓዴ ካላስነሳ ስንዱ አትቆርጥም፤ ስንዱ ካልቆረጠች ትርንጎ አትሻገርም፤ ትርንጎ ካልተሻገረች ወንድሟን አፈር አታለብስም።

ትርንጎ ወደ ዋሴ ሄደች። ዋሴ ተራ አስከባሪው ነው፤ ፊሽካው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ዓይኑ ከውኃው አይነሳም።

«ዋሴ፣ ወንድሜ፣ አንዴ ንፋልኝ። ቢሻው ይፍታ፣ ጓዴ ያስነሳ፣ ስንዱ ትቁረጥ፣ ልሻገር።»

«አልነፋም። ቀዩ ጨርቅ ከማዶ ሳይመጣ አልነፋም።»

የቀዩ ጨርቅ ነገር እንዲህ ነው። በሐይቁ መካከል ደንገልና ድንጋይ ያጠበቡት መተላለፊያ አለ፤ አንድ ጀልባ እንጂ ሁለት አያሳልፍም። ስለዚህ የወዲህና የወዲያ ጀልባዎች አንድ ቀይ ጨርቅ ይቀባበላሉ፤ ጨርቁን የያዘ ያልፋል፣ ያልያዘ ይጠብቃል። ያን ዕለት ማለዳ ደርሶ የሚባለው የማዶው ጀልባ ነጂ ጨርቁን ይዞ ተሻግሮ ነበር። ተሻግሮም እዚያው ቀረ።

«ታዲያ ስልክ የለህም? ደውልለትና ‘ባለህበት ቁም፣ እኛ እንለፍ’ በለው።»

ዋሴ ቀስ ብሎ፣ «በስልክማ ድሮ ተስማምተን ነበር» አለ። «‘እለፉ፣ እኔ አልነሳም’ አለን ያኔ የነበረው ነጂ። ከዚያ ረሳና ተነሳ። ሁለቱ ጀልባዎች ደንገሉ ውስጥ ተጋጩ። ታናሽ ወንድሜ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ቃል ይረሳል፣ እትዬ፤ ጨርቅ አይረሳም።»

ትርንጎ ልትለው ያዘጋጀችው አንድ ስለታም ነገር ነበራት፤ ዋጠችው።

«ነፍስ ይማር» አለችው።

«አሜን።»

ጨርቁ ካልመጣ ዋሴ አይነፋም፤ ዋሴ ካልነፋ ቢሻው አይፈታም፤ ቢሻው ካልፈታ ጓዴ አያስነሳም፤ ጓዴ ካላስነሳ ስንዱ አትቆርጥም፤ ስንዱ ካልቆረጠች ትርንጎ አትሻገርም፤ ትርንጎ ካልተሻገረች ወንድሟን አፈር አታለብስም።

«በል እንግዲያው ደውልና ለምን እንደማይመጣ ጠይቀው» አለችው። ዋሴ ደወለ፤ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«አንተ ደርሶ! ሕዝቡ እዚህ በፀሐይ ተጠበሰ፤ ጨርቁን ይዘህ ወዴት ጠፋህ?»

«አልነሳም ዋሴ» አለ ደርሶ ከማዶ። «ሰፈሩ ሬሳ ይዟል። ሬሳ ከመሬት በላይ ሳለ ከማዶ ጀልባ አይነሳም፤ የተነሳ እንደሆነ ሁለተኛ ሰው ይዞ ነው የሚሄደው። አንተም የሐይቅ ልጅ ነህ፣ እኔ ነኝ የምነግርህ?»

«ማን ሞተ?»

«አጣናው። መረብ ጠጋኙ አጣናው።»

ትርንጎ መሞቱን ታውቅ ነበር። ከማለዳ ጀምሮ ታውቀው ነበር። ግን እስካሁን «ሞተ» ብሎ የነገራት አልነበረም፤ አሁን ቃሉ በስልክ ወጥቶ ወደቡ መካከል ወደቀ። ትርንጎ የዋሴን ክንድ ያዘች። አምሳል ጆንያዋን ትታ ብድግ አለችና ከወደ ብብቷ ደገፈቻት።

«ያንቺ ነው?» አለቻት በጆሮዋ።

«ወንድሜ ነው።»

«ውይ እኔን! እኔ ደግሞ ሙሽራ ምናምን እላለሁ፤ አፌን ይቁረጠው።»

ትርንጎ እጇን ለስልኩ ዘረጋች። ዋሴ ሰጣት።

«ደርሶ፣ እስካሁን ለምን አልተቀበረም?»

«ማን ልበል?»

ስሟን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ስሟ አልወጣ አላት። «ተሳፋሪ ነኝ» አለች።

«እንግዲህ ተሳፋሪዋ፣ ጉድጓዱ ከተቆፈረ ቆይቷል፣ ፍትሐቱም አልቋል። ቄስ ይትባረክ ግን አላስገባም ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እሳቸው ካላስገቡ እኔም አልነሳም።»

«እባክህ ስልኩን ውሰድላቸው።»

ደርሶ ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። ስልኩ የእርምጃውን ኮቴ ያሰማል፣ ቆይቶም የሴቶቹን ሙሾ። ትርንጎ እያንዳንዷን ድምፅ ለየች፤ ይህች የወንድሟ ጎረቤት ናት፣ ይህች የክርስትና ልጁ ናት። እዚያ እያለቀሱ፣ እሷ እዚህ ቆማ ትሰማለች።

ቄሱ ካላስገቡ ደርሶ አይነሳም፤ ደርሶ ካልተነሳ ጨርቁ አይመጣም፤ ጨርቁ ካልመጣ ዋሴ አይነፋም፤ ዋሴ ካልነፋ ቢሻው አይፈታም፤ ቢሻው ካልፈታ ጓዴ አያስነሳም፤ ጓዴ ካላስነሳ ስንዱ አትቆርጥም፤ ስንዱ ካልቆረጠች ትርንጎ አትሻገርም፤ ትርንጎ ካልተሻገረች ወንድሟን አፈር አታለብስም።

«አቤት፣ ማን ነው?» አሉ ቄሱ።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ሬሳው ለምን አይገባም?»

«እግዚአብሔር ይፍታ፣ ልጄ። አላስገባም። ወጣት ቄስ ሳለሁ አንድ ጎረምሳ ቀበርኩ፤ እናቱ ከሩቅ አገር እየመጣች ነበር፣ ‘ይመሻል’ አሉኝና ሰማኋቸው። በማግስቱ ማልዳ ደረሰች። መቃብሩን በጥፍሯ ስትቆፍር በዓይኔ አየሁ፤ አራት ሰው ነው ጎትቶ ያነሳት። ያን ቀን ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ሥጋ ዘመድ ሳይደርስ አፈር አላለብስም። አጣናው አንዲት እህት አለችው፣ ከተማ ነው ያለችው። ትመጣለች። እሷ ሳትደርስ አላስገባም።»

ትርንጎ በልቧ መቁጠር ጀመረች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ አምሳልም ከከንፈሯ ላይ እያነበበች አብራት ትላለች። እህት ካልደረሰች ቄሱ አያስገቡም፤ ቄሱ ካላስገቡ ደርሶ አይነሳም፤ ደርሶ ካልተነሳ ጨርቁ አይመጣም፤ ጨርቁ ካልመጣ ዋሴ አይነፋም፤ ዋሴ ካልነፋ ቢሻው አይፈታም፤ ቢሻው ካልፈታ ጓዴ አያስነሳም፤ ጓዴ ካላስነሳ ስንዱ አትቆርጥም፤ ስንዱ ካልቆረጠች ትርንጎ አትሻገርም፤ ትርንጎ ካልተሻገረች እህት አትደርስም፤ እህት ካልደረሰች ቄሱ…

አምሳል አፏን በእጇ ያዘች። «እቴ፣ የምትጠብቂው እኮ ራስሽን ነው!»

እውነቷን ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው የለበትም። እያንዳንዱ የቆመው አንድ ጊዜ ልቡ ስለተጎዳ ነው፤ ሌላውም እንዳይጎዳ ብሎ ነው። ግን የሰው ጥንቃቄ ሁሉ እንደ አጥር ዙሪያውን ገጠመና አንድ ሬሳ ፀሐይ ላይ አዋለ።

«አባ» አለች፣ አሁን ስሟ ወጣላት። «እህቱ እኔ ነኝ። ትርንጎ ነኝ። ወደቡ ላይ ነኝ።»

«ትርንጎ! ነይ እንጂ ታዲያ፣ ልጄ! ስንጠብቅሽ?»

«ጀልባ የለም አባ። ጨርቁ እናንተ ዘንድ ነው።»

ቄሱ ወደ ጎን ሲናገሩ ተሰማ፤ «ደርሶ፣ ሂድና አምጣት።» የደርሶም ድምፅ፦ «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እግርዎን እስማለሁ፤ ግን ሬሳ ሳይገባ አልነሳም። ልጆች አሉኝ።»

ትርንጎ ወደ ዋሴ ዞረች። ዋሴ ፊሽካውን በጭብጡ ጨብጦ ነበር፤ ውኃውን አየ፣ እሷን አየ፣ አንገቱን አቀረቀረ። እሷም ሁለተኛ አልለመነችውም። ቢሻውን አየች፣ ጓዴን አየች፣ ስንዱን አየች። ከሰማዩ ጥግ ነጭ ደመና መነሳት ጀምሯል፤ የደንገሉን ጫፍ ነፋስ ሲያወዛውዘው ይታያል።

ሁሉም አንድ የያዘው ነገር አለ፤ አንዱ ገመድ፣ አንዱ ፊሽካ፣ አንዱ ጨርቅ፣ አንዱ ቃል። እሷ የያዘችው እፍኝ አፈር ነበር፣ ያውም ገና ያልጨበጠችው። በዚህ ዓለም ደግሞ ሁሉም አልለቅም ሲል መጀመሪያ የሚለቀው ምንጊዜም ትንሽ ያለው ነው። ደግ ሆኖ አይደለም፤ ሌላ የሚለቅ ስለሌለ ነው።

«አባ» አለች፣ «ከቃልዎ ፈትቼዎታለሁ። ያስገቡት።»

«ልጄ…»

«ያስገቡት። ወንድሜን ፀሐይ አይምታው።»

«ኋላ መጥተሽ በጥፍርሽ አትቆፍሪብኝም?»

«አልቆፍርም፣ አባ።»

«የመጀመሪያውን አፈር ማን ያልብሰው ታዲያ?»

«የቆመ ሁሉ ያልብሰው» አለች። «የቀበረ ዘመድ ነው። እናንተ አላችሁለት።»

ስልኩን አልዘጋችውም። አካፋው አፈሩን ሲነካ ሰማች። አፈሩ ሲወርድ ሰማች። አምሳል የትርንጎን ነጠላ ከትከሻዋ አነሳችና አዘቅዝቃ አለበሰቻት፤ የራሷንም አዘቀዘቀች። ጋሽ ቢሻው ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ ማዶ ሊሻገር የቆመው ሁሉ፣ አጣናው ማን እንደሆነ የማያውቀው ሁሉ፣ በያለበት ቆሞ አንገቱን ደፋ። ከዚያ አምሳል አንድ ሙሾ አነሳች፣ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ወደቡም ለቅሶ ቤት ሆነ። ትርንጎ ለወንድሟ ያለቀሰችው እዚያ ነው፤ በሽንኩርት ጆንያና በትኬት መስኮት መካከል፣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር።

ለቅሶው ሲበርድ፣ ከደንገሉ ወዲያ አንዲት ቀይ ነጥብ ታየች።

ትርንጎ ለቀቀች፣ ቄሱ አስገቡ፤ ቄሱ አስገቡ፣ ደርሶ ተነሳ፤ ደርሶ ተነሳ፣ ጨርቁ መጣ፤ ጨርቁ መጣ፣ ዋሴ ነፋ፤ ዋሴ ነፋ፣ ቢሻው ፈታ፤ ቢሻው ፈታ፣ ጓዴ አስነሳ፤ ጓዴ አስነሳ፣ ስንዱ ቆረጠች፤ ቆርጣም በመስኮት አላቀበለችም፣ ወጥታ ሮጣ በእጇ አስጨበጠቻት። ትርንጎ ተሳፈረች።

ነፋሱ መተላለፊያው ላይ ደረሰባቸው። ጀልባዋ አንድ ጊዜ ወደ ድንጋዩ፣ አንድ ጊዜ ወደ ደንገሉ ተንገላታች፤ ተሳፋሪው ሁሉ የየታቦቱን ስም ጠራ። ጓዴ ያን ሲያንቀላፋ የዋለ ዓይኑን አፍጥጦ፣ «አይዞሽ እትዬ፣ አደርስሻለሁ» አላት። አደረሳትም።

ቤተ ክርስቲያኑ ስትወጣ ለቀስተኛው ወደ ድንኳኑ ሄዷል። መቃብሩ ሞልቷል፣ አፈሩ ተከምሮ በዙሪያው ድንጋይ ተደርድሮበታል። ቄስ ይትባረክ ብቻቸውን ቆመው እጇን እጇን ያያሉ፤ ጥፍሯን ፈርተው ነው።

«ዘገየሁ፣ አባ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ። «እሱን ጠይቂው።»

ትርንጎ ተንበረከከች። ከመቃብሩ ጎን አፈር ዘገነች፤ ሳሙና የበላው መዳፏ ሙሉ ሆነ። ከማለዳ ጀምሮ የሰማችው እምቢታ ጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ ስንዱ አልቆርጥም ብላለች፣ ጓዴ አላስነሳም ብሏል፣ ቢሻው አልፈታም ብሏል፣ ዋሴ አልነፋም ብሏል፣ ደርሶ አልነሳም ብሏል፣ ቄሱ አላስገባም ብለዋል። እጇን በክምሩ ላይ ዘረጋችና ጣቶቿን ከፈተች።

አፈሩ እምቢ አላለም። ወርዶ ከሌላው አፈር ጋር ተቀላቀለ፤ የመጀመሪያው የትኛው፣ የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ ሊለይ የሚችል ሰው አልነበረም።

እኔም ተረቴን እዳር አድርሼ አሰርኩ፤ ሊሻገርበት የፈለገ ይፍታው።